ጉልትና ርስት፦ በወለጋ ስለ ተሠራው የበጎ አድራጎት ሥራና ስለ ዘለቄታው

የጥንቱ የአገራችን ሥርዓተ መሬት ጉልትና ርስት የሚባሉ ሁለት ቃሎችን አውርሶናል። ጉልት ከንጉሥ ፈቃድ የሚገኝ ነው፤ ባለ ጉልቱ በሹመቱ እስካለ ድረስ ግብሩን ይበላል፣ ንጉሡ የተቆጣ ወይም አሳቡን የለወጠ ዕለት ግን ጉልቱ ወደ ሰጪው ይመለሳል። ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ባለቤቱ ድንበሩን ያውቀዋል፣ አጥሩ ሲወድቅ ማንም ሳያዘው ያነሣዋል፣ ከእጁም በአንድ ቃል አይነቀልም። በወለጋ ባላገር ጆሮ እነዚህ ቃሎች መልካም ትዝታ ብቻ እንደማይቀሰቅሱ አውቃለሁ፤ ጉልቱ የተተከለው በርሱ ጫንቃ ላይ ነበርና። ዳሩ ግን ዛሬ በየጉባኤው «ዘላቂ ልማት» እየተባለ ስለሚነገረው ነገር ለማሰብ ከነዚህ ከሁለቱ የተሻለ መስፈሪያ አላገኘሁም።

ይህን ሐተታ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በትረ ሥልጣኑን በጨበጡበት ዕለት የውጭ ርዳታ ለ90 ቀን እንዲታገድ አዘዙ፤ በሰኔ ማለቂያ ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ የቆየው የአሜሪካ የርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ በሩን ዘጋ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ካሉት አገሮች መካከል የዚህ ርዳታ ዋነኛዋ ተቀባይ ስለ ነበረች፣ እገዳው በታወጀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ተደረገ። በየስማቸው የሚጠሩ፣ በየመኪናቸው በር ላይ የየራሳቸውን ዓርማ የለጠፉ ብዙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም የሚቀዱት ከአንዱ ጉድጓድ እንደ ነበር ያን ጊዜ ተገለጠ። እንግዲህ ባሕር ማዶ አንድ ፊርማ ሲፈረም እዚህ የጤና ጣቢያው ወንበር ባዶ የሚሆን ከሆነ፣ ለዓመታት ልማት ስንለው የኖርነው ነገር ጉልት ነበር ወይስ ርስት? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሻ ሰው ወደ ነቀምቴና ወደ ወለጋ ከተሞች ቢሄድ አያፍርም፤ የውጭ በጎ አድራጊ ገንዘብ ከመቶ ዓመት በላይ የገባበት፣ በየዘመኑም የተቋረጠበት አገር ነውና።

የዚህን ነገር ታሪክ ከዛሬው «ፕሮጀክት» የሚጀምር ሰው መጽሐፉን ከመካከል ገልጦ ያነብባል። ገና ሕፃን ሳለ በባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው፣ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ያደገው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ካሳተመ በኋላ በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ገባ፤ በ1923 ዓ.ም. እስኪያርፍም ድረስ በዚያው አስተማረ። ከርሱ ጋር የሠራችው፣ እርሷም ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ 15,000 ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰብስባ ነበር፤ በነቀምቴም ልጃገረዶችን ፊደል አስቆጠረች። ማተሚያውን ያቆመው፣ ወረቀቱን የገዛው የስዊድን ምእመናን መባ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን መባው ቢቋረጥ እንኳ ፊደል የቆጠረች ልጃገረድ ፊደሏን ለማንም አትመልስም፤ ቋንቋውም የእናቷ ቋንቋ ስለሆነ ለልጇ ለማውረስ የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም።

ሌሎቹም በዚሁ ዘመን ተከተሉ። የኅዳር በሽታ አገሩን ፈጅቶ ካለፈ በኋላ አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ በሱዳን በኩል ሳዮ፣ ማለት ደምቢ ዶሎ፣ ገብተው ሕክምና ጀመሩ፤ የጀርመን ሄርማንስቡርግ ሚስዮን ሰዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1928 አይራ ላይ ሠፈሩ። ከዚያም የመጀመሪያው ታላቅ መቋረጥ መጣ። ፋሺስት ኢጣልያ አገሪቱን በያዘ ጊዜ የአሜሪካና የስዊድን ሚስዮናውያን ከየሥፍራቸው ተነሡ፤ ጀርመኖቹ ቢቆዩም ከነፃነት በኋላ በተራቸው በእንግሊዞች ተወሰዱ። ገንዘቡም፣ ሐኪሙም፣ መድኃኒቱም አብሮ ሄደ። በሳዮ ግን ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለንና ማሞ ጮርቃ ማኅበረ ምእመናኑን ይዘው ቆዩ፤ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ትተውት ከሄዱት የበዛ ሕዝብ ጠበቃቸው። ከዚህ የምንማረው ነገር አንድ ነው፤ ሐኪም ቤቱ ያለ ሐኪም ሐኪም ቤት አይሆንም፣ በሰው ልብና አፍ የገባው ግን ሰጪው በሌለበት ዘመን ይበዛል።

የወለጋ ሰዎች ይህን ነገር በኅሊናቸው ብቻ አልያዙትም፤ በጽሑፍም ለዓለም ተናግረውታል። በጥር 1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ወለጋ የተወለዱት አማኑኤል አብርሃም በፕሬዚዳንትነት፣ እንደርሳቸው የቦጂ ተወላጅ የሆኑት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዋና ጸሐፊነት ሲያገለግሏት፣ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። ያን ጊዜ የምዕራብ አገሮች በጎ አድራጊዎች ለጉድጓድ፣ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ በቀላሉ ገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ አስፈላጊ ነው ለምትለው፣ ለስብከተ ወንጌልና ለመሪዎቿ ትምህርት ግን እጃቸው ይጠብቅ ነበር። የደብዳቤው አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሰው አንድ ነው፤ ሥጋውን ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ነፍሱን ለሌላው ከፍሎ መስጠት የናንተ ልማድ እንጂ የኛ አይደለም፤ በመጋቢው መመዘኛ የተቀረጸ ልማትም የሰውን ውስጣዊ ኑሮ ካልነካ ሙሉ አይባልም። ነገሩ የፌዴሬሽኑን መቀመጫ ጄኔቫን አነጋገረ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ናይሮቢ ላይም ጉባኤ ተደረገበት።

ይህን ደብዳቤ የሃይማኖት ሰዎች የሃይማኖት ነገር አድርገው ያነብቡታል፤ ትክክል ነው። እኔ ግን የልማት ሊቃውንትም ሊያነብቡት ይገባል እላለሁ። ከነገረ መለኮቱ በታች አንድ የባለቤትነት ክርክር ተቀምጧልና። ተቀባዩ ሰጪውን «ገንዘቡ ያንተ ነው፤ የሚያስፈልገኝን የማውቅ ግን እኔ ነኝ» ማለቱ ነው። እንደ ቄስ ጉዲና በነቀምቴ ሆስፒታል በሽተኛ ሲያስታምም የኖረ ሰው እንዲህ ማለቱ የልማትን ጥቅም ንቆ እንዳይደለ ግልጽ ነው፤ ቁስል ያጠበ እጅ ስለ ክሊኒክ ዋጋ ማንም አያስተምረውም። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተገደሉ፤ በወለጋም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ይህ ሁለተኛው መቋረጥ ነበር። ያም ሆኖ የአይራ ሆስፒታል ዛሬም ያክማል፤ የምታስተዳድረውም ያችው የአገሩ ቤተ ክርስቲያን ናት።

አሁን ከታላላቆቹ ስሞች ወርደን አንድ ትንሽ ነገር በቅርብ እንመልከት። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ ሻምቡ ከሚወስደው አውራ መንገድ ወጣ ብሎ በገጠር የተዘዋወረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ከዳገቱ ሥር በሲሚንቶ የታጠረ የእጅ ፓምፕ ቆሟል፤ በግድግዳው ላይ የሰጪው ድርጅት ስምና የተመረቀበት ዓመት የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። በምረቃው ቀን ሰንጋ ታርዷል፣ እንግዳ ተናግሯል፣ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። ከጥቂት ዓመት በኋላ በፓምፑ ውስጥ ያለችው ጎሚኒ ትበላለች፤ በመጀመሪያ ውኃው ይቀጥናል፣ ሴቶቹ አንድ ጀሪካን ለመሙላት እጀታውን ሲወዘውዙ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ በመጨረሻ ፓምፑ ነፋስ ብቻ ይተነፍሳል። የጎሚኒዋ ዋጋ ከፓምፑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ነገር ግን ፓምፑ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ጎሚኒዋ በወረዳው ሱቅ የለችም፤ ፓምፑን የሚፈታው ቁልፍ ድርጅቱ ዘንድ ነው፤ ድርጅቱም የፕሮጀክቱ ዘመን አልቆ ሄዷል። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ይመለሳሉ፤ ሰሌዳው ግን ዛሬም ይነበባል።

በዚያው ወረዳ፣ ምናልባትም በአንዱ ኮረብታ ማዶ፣ ውኃ የሚወርድበት ሌላ ፓምፕ አለ። የሁለቱ ልዩነት በሲሚንቶው አይደለም። በሁለተኛው መንደር የውኃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ በየወሩ ከየቤቱ ጥቂት ብር ትሰበስባለች፣ ያልከፈለውን በስሙ ታውቀዋለች። አንድ ጎልማሳ ፓምፑን መፍታትና መግጠም ተምሯል፤ የቁልፎቹ ከረጢት በርሱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፓምፑ ቢጓደል ልመና ወረቀት ጽፎ ወደ ዞን አይሄድም፤ ይፈታዋል። ይህ ፓምፕ ርስት ሆኗል ማለት ይህ ነው።

ይሁንና የአገሩ ሰው ስለ ተረከበው ብቻ ሥራ ይዘልቃል ብሎ መደምደም የዋህነት ይሆናል። ርስትም ገበያ ከሌለው ባለቤቱን ያስርባል። ለዚህ የበቆሎው ነገር ምስክር ነው። በወለጋ ደጃፍ ባለው በባኮ የምርምር ጣቢያ የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በ1985 ዓ.ም. ለገበሬ ተለቀቀ። በዚያው ጊዜ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በጃፓናዊ ባለጸጋ ገንዘብ፣ በኖቤል ተሸላሚው ኖርማን ቦርሎግ ዕውቀትና በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ደጋፊነት ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በገበሬው ማሳ ላይ አሳየ። ውጤቱ የሚያስደንቅ ስለ ነበር መንግሥት ሥራውን ተረክቦ በአገር አቀፍ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም አስፋፋው፤ በመማሪያ መጻሕፍት ቢጻፍ ከዚህ የተሻለ ርክክብ አይገኝም። ነገር ግን በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ምርቱ በተትረፈረፈ ጊዜ ጎተራ፣ መንገድና ገዥ አብረው አልተዘጋጁም ነበርና የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ ዋጋው የማሳጨጃውን ድካም የማይመልስለት ገበሬ በቆሎውን ከነአገዳው ትቶት የማዳበሪያ ዕዳውን ብቻ ተሸክሞ ቀረ። በተከታዩ ዓመት ዝናቡ ሲጓደል በአገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። ዘሩ ሰነፍ አልነበረም፤ ገበሬውም ሰነፍ አልነበረም፤ ከማሳው በኋላ ያለውን መንገድ ያሰበ ሰው ነበር የጠፋው።

ቡናው በተቃራኒው ከገበያው በኩል ጀመረ። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» ተብሎ በነቀምቴ ስም የሚጠራ የቆየ ዕቃ ነው፤ ገበሬው ግን ስሙን እንጂ ዋጋውን አያገኝም ነበር። በ1991 ዓ.ም. ማለቂያ፣ በታደሰ መስቀላ መሪነት፣ 34 የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ከ22,000 በላይ አባላት ይዞ የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ በቡና ዋጋ ውድቀት ዘመን፣ የገበሬውን ቡና ከደላላው እጅ አውጥቶ በቀጥታ ለውጭ ገዥ መሸጥ ጀመረ፤ የወለጋ ማኅበራትም ገቡበት። ዩኒየኑ ከትርፉ 70 በመቶውን ለማኅበራቱ ይመልሳል፤ ከፍትሐዊ ንግድ የሚገኘው ተጨማሪ ገንዘብም ማኅበራቱ ራሳቸው በሚመርጡት ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ውኃ ላይ ይውላል። እዚህም የውጭ ወዳጆች ርዳታ አልጠፋም፤ ልዩነቱ ግን ርዳታው ያለፈው የገበሬው ሸንጎ በሚቈጣጠረው በር መሆኑ ነው። የቡና ዋጋ ሲወርድ ዩኒየኑም ይጎዳል፤ ቢጎዳም የሚጎዳው እንደ ነጋዴ ነው እንጂ እንደ ተመጽዋች አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ከጊምቢ የወጣው ነገር ነው። በጊምቢ ያለው የአድቬንቲስት ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ የምዕራብ ወለጋ እናቶች መጠጊያ ሆኖ ኖሯል፤ በዚያም የእናቶችን ሞት ለመቀነስ ማተርኒቲ ወርልድዋይድ የተባለ የበጎ አድራጎት ማኅበር ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ሠርቷል። በኋላ በዴንማርክ ያለው ማተርኒቲ ፋውንዴሽን ከኮፐንሃገንና ከደቡባዊ ዴንማርክ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ አዋላጅ ነርሶችን የሚያስተምር የስልክ መተግበሪያ ሠራ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስስን ደም እንዴት ማቆም፣ ሳይተነፍስ የተወለደን ሕፃን እንዴት ማስተንፈስ እንደሚገባ በአጫጭር የሥዕል ፊልም ያሳያል፤ ፊልሙ አንድ ጊዜ በስልኩ ከገባ በኋላ ኔትወርክ አያስፈልገውም። የተፈተነውም በዚሁ በወለጋ ነው፤ ከ2005 ዓ.ም. ማለቂያ እስከ ጥር 2007 ዓ.ም. በአምስት ወረዳዎች ባሉ 73 የጤና ተቋማት፣ ግማሾቹ ስልኩን ይዘው፣ ግማሾቹ ሳይዙ ተመዘኑ። ስልኩን የያዙት ሠራተኞች ችሎታ ከስድስት ወርም ከዓመትም በኋላ ከሌሎቹ በግልጽ በልጦ ተገኘ። የሕፃናቱ ሞትም ስልኩ በነበረባቸው ተቋማት አነስ ብሎ ታየ፤ ነገር ግን ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ እንዳይደለ ለመመስከር የሚበቃ አልነበረም፤ አጥኚዎቹም ይህንኑ ሳይሸሽጉ ጻፉ። መተግበሪያው ከዚያ ወዲህ ከጊምቢ ወጥቶ በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

ይህን የማነሣው የስልክን ተአምር ለማወደስ አይደለም። አዋላጇን አስቡ፤ ሌሊት ነው፣ መብራት የለም፣ ደሙ አልቆመም፣ ሐኪሙ ሩቅ ነው። ቀን በዕረፍቷ ደጋግማ ያየችው ፊልም በእጇ ውስጥ ገብቷል፤ ማሕፀኑን እንዴት እንደምታሽ፣ መርፌውን መቼ እንደምትሰጥ እጇ ያውቃል። ድርጅቱ ነገ ቢሄድ ስልኩ ሊሰበር ይችላል፤ የእጇ ዕውቀት ግን ከርሷ ጋር ይቀራል። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በነቀምቴ ፊደል የቆጠረችው ልጃገረድና ይህች አዋላጅ እኅትማማቾች ናቸው።

ርስት ግን ሰላም ይሻል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና መንግሥት ሸኔ በሚለው፣ ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ በሚጠራው ታጣቂ መካከል በተነሣው ጦርነት ወለጋ ታምሷል። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በዞኖቹ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ በመቶ የሚቈጠሩ ንጹሐን ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ መድኃኒት የጫነ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ጠፋ። የወባ መድኃኒት መርጨትና አጎበር ማደል በተስተጓጎለበት በዚህ ዘመን ወባ ተነሣች፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታምሞ 1,157 ሰው እንደ ሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ሲገልጽ፣ ትልቁ ድርሻ የኦሮሚያ ነበር፤ ምዕራቡም ክፉኛ ተመታ። የአሜሪካ እገዳ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ማንም የውኃ ኮሚቴ፣ ማንም ጎበዝ አዋላጅ ብቻውን ይህን አይመክትም፤ ወባን የሚያስቀር መንግሥት ነው፣ መንገድን የሚከፍት ሰላም ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅት የመንግሥትን ወንበር ሲሸፍን በኖረበት ቦታ ሁሉ፣ ድርጅቱ የተነሣ ቀን ወንበሩ ባዶ እንደ ነበር ይታያል።

በዚህ ነገር ውስጥ የሕግም ድርሻ አለበት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከውጭ ከገቢያቸው 10 በመቶ በላይ የሚያገኙትን ድርጅቶች ከመብት ሥራ አገደ፤ የአስተዳደርን ወጪ በ30 በመቶ ከወሰነው የ70/30 መመሪያም የተነሣ ሥልጠናና ክትትል የአስተዳደር ወጪ ተብለው ሲቈጠሩ፣ ሲሚንቶ ግን ያለ ጥያቄ የፕሮግራም ወጪ ሆነ። ስለዚህ ለሪፖርቱ ማማር ሰውን ከማስተማር ይልቅ ግንብ መገንባት ቀለለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ቀንበር አነሣ፤ የአስተዳደሩንም ወጪ በ20 በመቶ ወሰነ። ዳሩ ግን ልማዱ ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው። ጉልት ግብር እንዳለው ሁሉ የዛሬው ጉልት ግብሩ ሪፖርት ነው፤ በየሦስት ወሩ በሰጪው ቋንቋ፣ በሰጪው ቅጽ፣ በሰጪው መስፈርት ይገበራል፤ ገባሪው ስለ ሰጪው የሚጽፍበት ቅጽ ግን የለም።

እንግዲህ ምን እንላለን? «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ የውጭውን እጅ ሁሉ መግፋት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከላይ ያየናቸው የነቀምቴ ትምህርት ቤት፣ የአይራ ሆስፒታልና የጊምቢ መተግበሪያ የውጭ ገንዘብ የነካቸው ናቸው። ወርቁ ከማንም ይምጣ፤ ጥያቄው በማን አንገት ላይ ይቀራል የሚለው ነው። የወለጋ ባላገር ከጥንት ጀምሮ ይህን ጥያቄ የሚመልስበት ሥርዓት አለው። ደቦ ሲወጣ የዛሬው ባለ ማሳ ነገ ለጎረቤቱ እንደሚወጣ የታወቀ ነው፤ በዳባሬ ላም የሌለው ሰው ካለው ላም ተቀብሎ እየጠበቀ ወተቷን ይጠጣል፣ ሰጪውም ተቀባዩም የየድርሻቸውን ያውቃሉ። የኦሮሚያ ክልል በቅርቡ ቡሳ ጎኖፋ የተባለውን የመረዳዳት ባህል በተቋም መልክ ማደራጀቱም ከዚሁ አሳብ የተነሣ ነው፤ ነገር ግን ባህል በቢሮ ሲደራጅ ራሱ ጉልት እንዳይሆን ማሰብ ያሻል፤ መዋጮ በፈቃድ ሲሆን ርስት ነው፣ በትእዛዝ ሲሆን ግብር ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ወለጋ የሚመጣ በጎ አድራጊ፣ ከባሕር ማዶም ይሁን ከአዲስ አበባ፣ መሠረት ድንጋይ ከማኖሩ በፊት ወራሹን ይጥራ። ፓምፑን የሚፈታው ማን ነው? ጎሚኒዋ በየትኛው ሱቅ ትሸጣለች? በቆሎው ሲተርፍ ማን ይገዛዋል? አዋላጇ ስትሸኝ ተተኪዋን ማን ያስተምራል? ለነዚህ ጥያቄዎች ስም ጠርቶ የሚመልስ ሰው በተገኘበት መንደር ገንዘቡ ይግባ፤ ባልተገኘበት መንደር ደግሞ ገንዘቡ አስቀድሞ ያን ሰው በማስተማር ይጀምር። በምረቃው ቀን ሰሌዳው ላይ የሰጪው ስም ቢጻፍ ማንም አይቃወምም፤ ባለ ርስቱ የሚታወቀው ግን ፓምፑ በተበላሸ ማለዳ፣ የቁልፎቹን ከረጢት ከግድግዳው አውርዶ ወደ ዳገቱ ሥር በሚወርደው ሰው ነው።